የሕፃኑ ድስት

ዐቢይ ጾም በሚገባበት ጊዜ በክርስቲያን ቤት ውስጥ የሚደረገው መሰናዶ ለሁሉ የታወቀ ነው። የቅበላው ማግስት የቤቱ እመቤት ድስቱንና ጭልፋውን፣ ማማሰያውንና ሰታቴውን በአመድና በሙቅ ውሃ አሽታ ታጥባለች፤ ቅቤው ከዐይን ይሰወራል፤ ወተት የነካው ዕቃ ሁሉ ተለቅሞ ለብቻው ይቀመጣል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ሥርዓትም ነው። ዳሩ ግን በዚያው ቤት ውስጥ ጥርሱን በማብቀል ላይ ያለ ወይም ገና በዳዴ የሚሄድ ሕፃን ቢኖር፣ ዕቃው ሲታጠብና ቅቤው ሲሰወር ለእርሱ ምን ተዘጋጀለት ብሎ የሚጠይቅ ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ሕፃኑ አፍ አውጥቶ መናገር አይችልም፤ ስለዚህም ሳይጠየቅና ሳይፈቅድ ከቤተ ሰቡ ጋራ እንደ ጾመኛ ተቈጥሮ ይሰነብታል።

ነገሩ ከቤተ ክርስቲያን ሕግ የመጣ እንዳይመስል አስቀድሞ መለየት ያሻል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት አጽዋማት አሏት፤ ከነዚህም ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ጾመ ፍልሰታ 15 ቀን፣ የነነዌ ጾም 3 ቀን ሲሆን፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ሐዋርያትና ገሃድ ሲጨመሩበት ምእመናን በዓመት ውስጥ 180 ያህል ቀን ይጾማሉ። ይህ ግዴታ የሚጀምረው ግን ከሰባት ዓመት በላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ወንዱን በ40፣ ሴቲቱን በ80 ቀን አጥምቃ ስታቈርብ ረቡዕንና ዓርብን ጹሙ ብላ አላዘዘቻቸውም። ይህን የማያውቅ ካህን የለም፤ ከምእመናንም ብዙዎቹ ያውቁታል። በእስልምናም ቢሆን የረመዳን ጾም ለአካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ ላይ ግዴታ አይደለም። እንግዲህ ሕጉ ሕፃኑን ነጻ ካደረገው፣ ሕፃኑን የሚያስጾመው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ ድስቱ ነው።

ይህ አነጋገር እንግዳ ቢመስልም በየቤቱ ያለው ነገር እንዲህ ነው። በቤቱ ያለው ድስት አንድ ወይም ሁለት ነው፤ እሱም ለጾሙ ታጥቧል። ለሕፃኑ ወተት ቢፈላበት ወይም ገንፎው በቅቤ ቢሠራበት ድስቱ ይነካል፤ ድስቱ ከተነካ የቤቱ ሰው ሁሉ ጾም ይነካል። እናቲቱም የልጅዋን ምግብ ሳትቀምስ ለመስጠት አልለመደችም፤ ትኵሳቱን በከንፈርዋ፣ ጨዉን በምላስዋ ትለካለች፤ እንግዲያስ እረሳና እቀምሳለሁ ብላ ትፈራለች። ከዚህም በላይ በሁዳዴ የቅቤ ሽታ ከአንድ ቤት ወጥቶ ጐረቤት ቢደርስ ምን ይባላል የሚለው ስጋት አለ። አማትም ከቤት ብትኖር ነገሩ በአጭሩ ያልቃል። «ልጄ፣ ዕቃዬን አታስነኪብኝ፤ ሁለት ወር ለማይሞላ ጊዜ ምን ያስቸኵላል? ባልሽንስ በዚሁ በሽሮው አይደለም ወይ ያሳደግሁት?» ትላለች። ምራትየዋም «እሺ እማማ» ብላ ትተወዋለች።

አሮጊቷ የምትናገረው በክፋት አይደለም፤ ለልጅ ልጅዋ ከማንም ይልቅ የምትራራ እርስዋ ናት። ነገር ግን ስትከራከር ያደጉትን ልጆች ትቈጥራለች እንጂ ያላደጉትን አትቈጥርም፤ ምናልባት ብቻዋን በሆነች ጊዜ እነዚያንም ትቈጥራቸው ይሆናል። በ1992 ዓ. ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት ውስጥ 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደ ሞቱ ተገልጿል። በ2008 ዓ. ም. በተደረገው ጥናት ይህ ቍጥር ወደ 67 ወርዷል። ክትባቱ፣ ጤና ጣቢያውና የእናቶች ትምህርት ብዙ ነፍስ አድኗል። የዳነው ሕፃን ግን ሁሉ በሚገባ አድጓል ማለት አይደለም። በዚያው በ2008 ዓ. ም. ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶ 38ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያነሰ፣ በተለመደው ቃል የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል፤ በ2011 ዓ. ም. ከመቶ 37 ነበሩ። በ2008 ዓ. ም. ቍጥሩ ከሁሉ የበዛው በአማራ ክልል ሲሆን ከመቶ 46 ነበር። እህል በሚበቅልበት፣ ከብትም ዶሮም በሚረባበት አገር ይህን ያህል ሕፃን መቀንጨሩ አሳብ ላይ የሚጥል ነው።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ጾም ነው ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ፍርድም ማዛባት ይሆናል። ድህነት አለ፤ ንጹሕ ያልሆነ ውሃ አለ፤ ተቅማጥና ወባ አለ፤ ሳይራራቅ የሚወለድ ልጅ አለ። ጾም በማይጾምበት ቀበሌም የቀነጨረ ሕፃን ሞልቷል። ነገር ግን ድህነትን ለማራቅ ዘመን፣ የቧንቧ ውሃ ለማግባትም ገንዘብ ያሻል፤ የሕፃኑን ድስት ለመለየት ግን በጀትም ዐዋጅም አያስፈልግም። የአንድ የንስሓ አባት ቃልና የአንድ ትንሽ ድስት ዋጋ ይበቃዋል። ነገሩ ከሌላው ምክንያት ሁሉ ተለይቶ እዚህ ላይ የተነሣው ስለዚህ ነው።

ጥቂት ቀን ቢጾም ምን ይጐዳዋል የሚል ሰው ሒሳቡን ይመልከት። ስምንት ወር የሞላው ሕፃን በምድር ላይ የኖረው 240 ቀን ያህል ነው፤ ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ለእርሱ ይህ የዕድሜው አንድ አራተኛ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። ከዚህም ይልቅ የሚያስጨንቅ ሌላ ሒሳብ አለ። ሕፃን ከጡት ሌላ ምግብ ከሚጀምርበት ከስድስት ወር አንሥቶ እስከ ሁለት ዓመቱ ድረስ ያለው ጊዜ 18 ወር ነው። በዓመት 180 ቀን የሚጾምበት ቤት ከሆነ ከነዚህ 18 ወሮች ውስጥ 270 ያህሉ ቀን፣ ማለት ግማሹ፣ የጾም ቀን ሆኖ ያልፋል። የሰው አንጎል ከሁሉ ይልቅ ፈጥኖ የሚያድግበት ጊዜም ይኸው ነው፤ ሕፃን ሁለት ዓመት ሲሞላው አንጎሉ ከዐዋቂ ሰው አንጎል ክብደት ሦስት አራተኛውን ያህል ይደርሳል። ዐዋቂ ሰው በሁዳዴ ቢከሳ በፋሲካ ይጠገናል፤ በሕፃንነት ያመለጠው ቁመት ግን አብዛኛውን ጊዜ በፋሲካ አይመለስም።

የሕፃን ሆድ ትንሽ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። የአንድ ዓመት ሕፃን በአንድ ማዕድ የሚይዘው ከአንድ ብርጭቆ ብዙ አይበልጥም። ዐዋቂ ሰው ምግቡ ቢቀጥንበት በብዛቱ ይካካሳል፤ ሕፃን ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ስለዚህ በጥቂቱ ውስጥ ብዙ ኃይል ያለበት ምግብ ያሻዋል። በብዙ ቤት በጾም ጊዜ የሚሰጠው ቀጭን አጥሚት ሆዱን በውሃ ይነፋዋል፤ ልቅሶውንም ለጊዜው ዝም ያሰኘዋል፤ አካሉን ግን አይገነባም። ገንፎው በማንኪያ ሲነሣ ቶሎ የማይንጠባጠብ ሊሆን ይገባል። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ያለው ሕፃን በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሦስት ወይም አራት ጊዜ መመገብ አለበት፤ በመካከሉም ጡት ሳይከለከል ነው። ከስድስት ወር በታች ላለው ግን ከእናቱ ጡት በቀር ውሃ ስንኳ አያስፈልገውም።

እንቍላል፣ ወተትና ሥጋ ለምን ተፈለጉ ቢባል፣ ለደምና ለነርቭ የሚያስፈልገው ቫይታሚን ቢ 12 በተፈጥሮው ከእንስሳ ከሚገኝ ምግብ በቀር በሽሮም በጐመንም ውስጥ የለም። ዐዋቂ ሰው ይህን ነገር በጉበቱ ውስጥ ለብዙ ጊዜ የሚሆን አከማችቶ ይኖራል፤ የሕፃን ጐተራ ግን ትንሽ ነው። ለደም የሚያሻው የብረት ማዕድንም በጥራጥሬ ውስጥ ቢኖርም ከሥጋ እንደሚገኘው ያህል በቀላሉ ወደ ሰውነት አይገባም። በየከተማው ሕፃኑን ዳቦ በሻይ እያስነከሩ ማብላት እንደ ሥልጣኔ መቈጠሩ እዚህ ላይ ሳይነሣ አይታለፍም፤ ሻይ በምግቡ ውስጥ የነበረውን ብረት ስንኳ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይከለክላል።

እንግዲህ የሚደረገው ነገር አስቸጋሪ አይደለም። ከቅበላ በፊት ባለው ገበያ አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ማንኪያና አንድ ሳሕን ለሕፃኑ ብቻ ይገዛሉ፤ ክዳን ያለው ቢሆን ይመረጣል። ከቤቱ ዕቃ ጋራ ሳይደባለቁ በአንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፤ በሌላ ውሃ ይታጠባሉ፤ በሌላ ጨርቅ ይወለወላሉ። በጉልቻው ላይ የትልቁ ድስት ተራ ሲያበቃ የትንሹ ይተካል። እናቲቱም ሳትቀምስ ለመስጠት ትኵሳቱን በእጅዋ አንጓ ላይ ጠብ አድርጋ መለካት ትችላለች፤ ለሕፃኑ ጨውም በርበሬም ስለማያሻው የሚቀመስ ነገር የለውም። እንዲህ ከሆነ አማትየዋ ዕቃዬ ተነካ የምትልበት ምክንያት አይኖርም። ሥርዓቷም ተከበረ፤ ሕፃኑም በላ።

በድስቱ ውስጥ የሚገባው ምንድን ነው ለሚለው፣ ከሁሉ የሚቀለው እንቍላል ነው። ከነቅርፊቱ በሚገባ የተቀቀለ እንቍላል ድስቱን ስንኳ አይነካም፤ ሽታውም ጐረቤት አይደርስም። ጠንክሮ ከበሰለ በኋላ ተፈርፍሮ በገንፎው ወይም በታለበ የእናት ጡት ወተት ይለወሳል። የላም ወተት ሁልጊዜ ፈልቶ በገንፎው ውስጥ ይገባል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለው ግን በጡት ፋንታ የሚጠጣ መሆን የለበትም። ሥጋ ቤቶች በሁዳዴ ስለሚዘጉ የሥጋ ነገር ያስቸግራል የሚል ቢኖር፣ በቅበላው ሳምንት ያለ በርበሬ የተዘጋጀ ቋንጣ በሚገባ አድርቆና ወቅጦ በደረቅ ዕቃ ማኖር ይቻላል። ከዚያ እየቈነጠሩ ከገንፎው ጋራ ማብሰል ነው። ብልኅ እናት ለትልልቆቹ ድርቆሽና በሶ አሰናድታ ስትጾም ለትንሹ ደግሞ ይህን ማሰናዳት አያቅታትም።

አንዳንድ ቤት እንቍላልም ወተትም በፍስክ ቀን ስንኳ የማይገኝበት መሆኑ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለው ቤት የጾሙን ምግብ አሳምሮ መሥራት ይችላል፤ ጾም ማለት ባዶ ማለት አይደለምና። ሁለት እጅ ገብስ ወይም ጤፍ ወይም በቈሎ፣ አንድ እጅ ደግሞ ተቈልቶና ተከክቶ የተፈጨ ባቄላ ወይም ምስር ወይም ሽንብራ ሆኖ የተሠራ ገንፎ ከብቸኛ እህል ገንፎ እጅግ ይበልጣል። በላዩም የኑግ ወይም የሌላ ቅባት እህል ዘይት፣ የተፈጨ ለውዝ፣ ተቀቅሎ የተደቈሰ ካሮት፣ ዱባ ወይም ጐመን ይጨመርበታል። ያልተፈጨ ለውዝ ሕፃንን ሊያንቅ ይችላልና መጠንቀቅ ነው። በጾም ቀን ሕፃኑን ለማስደሰት ሲባል ማር የማላስ ልማድም አለ፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አልፎ አልፎ ብርቱ መርዝ የሚያመጣ ስለ ሆነ ፈጽሞ አይሰጥም።

በገበያው በኩል የሚታየው ነገር ደግሞ የሚያስገርም ነው። በጾም ወራት ወተት ገዢ ያጣል፤ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበራት የአባሎቻቸውን ወተት መሸጥ ይቸግራቸዋል፤ ወተቱም ወደ ቅቤና አይብ እየተለወጠ ፋሲካን ይጠብቃል። እንቍላሉም ሻጩ ለበዓሉ ገበያ ይጠብቀዋል። በዚያው መንደር ውስጥ፣ ምናልባትም ወተቱን ባለበችው ሴት ጀርባ ላይ፣ ያ ወተት የሚያስፈልገው ሕፃን ታዝሎ ቀጭን አጥሚት ይጠጣል። ወተት የሌለበት አገር ቢሆን ኖሮ ነገሩ ያሳዝን ነበር እንጂ አያስገርምም ነበር።

ይህን የሚያስተካክለው ማን ነው ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው የንስሓ አባት ነው። ሐኪም ስለ እንቍላል ቢናገር እናቲቱ ትሰማዋለች፤ ነገር ግን ሐኪሙ ስለ ምግብ እንጂ ስለ ጾም ሥልጣን የለውም ብላ በልብዋ ትተወዋለች። የንስሓ አባትዋ ቤትዋ መጥቶ ጠበል ጠዲቁን ቀምሶ፣ «ይህ ሕፃን ሰባት ዓመት እስኪሞላው ጾም የለበትም፤ ለእርሱ የምትሠሪው ምግብ የአንቺን ጾም አያፈርስም» ብሎ አማትየዋ እየሰማች የተናገረው አንድ ቃል ግን ዐሥር ጊዜ ከተሰጠ የጤና ትምህርት ይበልጣል። ዕውቀቱ ከካህናቱ ዘንድ አለ፤ የጐደለው ሳይጠየቁ መናገር ነው። ምእመናን በዚህ ነገር የሚሳሳቱት ሕጉን ስለማያውቁ ብቻ ሳይሆን ጥብቅ መሆን ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስላቸው ነው። ለዚህ አሳብ ልክ ሊያበጅለት የሚችል ከካህን በቀር የለም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴትም እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ ጾሙን ለማላላት ምክር መጠየቅን ራሱ እንደ ድካም ይቈጥሩታል፤ ስለዚህ አባትየው እስክትጠይቀው ሳይጠብቅ ቢያነሣላት ሁለት ነፍስ ይረዳል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚጠየቀው የቤቱ አባት ነው። የመንግሥት ሹም የሆነ ሰው በመሥሪያ ቤቱ የደረሰበትን ደብዳቤ ከራስጌው እስከ ማኅተሙ መርምሮ ይፈርማል፤ ማታ ከቤቱ ሲገባ ግን «ልጁ በላ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «በላ» ሲሉት ነገሩ በዚያው ያበቃል። ምን በላ ብሎ አይጠይቅም። በመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ መልስ ይዞ የመጣውን ጸሐፊ መልሶ ይሰደው ነበር። የሕፃኑን ድስት መግዛትና ለእናቱ «እማማ፣ ይህ የልጁ ዕቃ ነው፤ የርስዎ አይነካም» ብሎ ማስረዳት የአባትየው ሥራ ነው፤ ምራት ለአማትዋ ልትናገረው የማትደፍረውን ነገር ልጅ ለእናቱ ቢናገረው ያምራልና።

በሥልጣን ላሉትም ቢሆን የሚቀር ሥራ አለ። መንግሥት በ1995 ዓ. ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ጀምሮ በየቀበሌው ሴቶች ባለሙያዎችን አሰማርቷል፤ በ2007 ዓ. ም. ደግሞ የሕፃናትን መቀንጨር በአውሮፓ አቈጣጠር እስከ 2030 ዓ. ም. ለማጥፋት በሰቈጣ ስም የተጠራውን ቃል ኪዳን አውጇል። ሰቈጣ የዋግ ኽምራ ከተማ፣ ጾምም ጸንቶ የሚጾምባት አገር ናት። እንግዲህ ባለሙያዋ በሁዳዴ መካከል ከአንዲት እናት ቤት ገብታ ለልጅሽ እንቍላል ስጪ ብላ ስለ ጾሙ ምንም ሳታነሣ ብትወጣ፣ የተናገረችው ቃል ከደጃፉ አያልፍም። ትምህርቱ ከጾሙ በፊት በቅበላው ሳምንት ቢሰጥ፣ የገንፎው አሠራር በሚታይበት ስፍራ የአጥቢያው ካህን ቢገኝ፣ የወረዳው የግብርናና የጤና ሹሞችም ገዢ ያጣውን ወተት ወደ ሕፃናቱ የሚያደርስ መንገድ ተነጋግረው ቢፈልጉ፣ ሥራው ይቃናል። በ2008 ዓ. ም. ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉት ሕፃናት መካከል በዓይነቱም በቍጥሩም የሚገባቸውን ዝቅተኛ ምግብ ያገኙት ከመቶ 7 ብቻ ስለ ነበሩ፣ በዚህ ነገር የሚደረግ ማናቸውም ጥረት ትንሽ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖ ሰባት ያልሞላው ልጅ ሌላ ጥያቄ ያመጣል፤ እርሱ ራሱ «እኔም እጾማለሁ» ይላልና። ይልቁንም በፍልሰታ ታናናሾቹ ሁሉ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መቅረትን እንደ ውርደት ይቈጥረዋል። ይህን ፍላጎቱን ማፈን አይገባም፤ መኵራራቱም የሚወደድ ነው። ከረሜላውን ወይም ብስኵቱን እስከ ቀትር እንዲያቈይ፣ ለተቸገረ ሰው የሚሰጠውን ሳንቲም በእጁ እንዲሰጥ፣ ከታላላቆቹ ጋራ ቆሞ እንዲያስቀድስ ማድረግ ለዕድሜው ይበቃዋል። እንቍላሉንና ወተቱን ግን ከጸሎት ሲመለስ ይብላ። እምቢ ቢል የሚያስገድደው እናቱ ሳትሆን የንስሓ አባቱ ቢሆን ይሻላል፤ ካህን «ብላ» ሲለው ልጁም ጾሙ የተነካ አይመስለውም። ሰባት ዓመት ሲሞላው ደግሞ በአንድ ቀን ወደ ሁዳዴ ሳይጨመር፣ በፍልሰታ ጀምሮ፣ ቀጥሎ በረቡዕና በዓርብ፣ ሰዓቱም በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረለት ይለምዳል። ያን ጊዜ ትንሿ ድስት ከመደርደሪያው ወርዳ ለተከታዩ ሕፃን ትሰጣለች።